ስልክ በእጃችን ሳለ ልጆቻችን የቃል ሒሳብ ለምን ይማራሉ?

የሜሮን አባት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የማባዛት ሰንጠረዡን በቃሏ እንድትይዝ ስነግራት «ስልኩ የሚሠራውን እኔ ለምን እሸመድደዋለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከስንፍና የመጣ ጥያቄ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ለጊዜው «ፈተና ላይ ስልክ አይገባም» አልኳት፣ ነገር ግን ይህ መልስ ለእሷም ለእኔም እንዳልበቃን ከፊቷ አነበብኩ። ፈተና የሚባል ነገር ባይኖርስ ኖሮ ምን ልላት ነበር?

ጥያቄዋ በአእምሮዬ ሲመላለስ ሰንብቶ ቅዳሜ ዕለት ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን ሴራሚክ ልንገዛ አብረን ሄድን። የሚያስፈልገን 18 ካሬ ሲሆን የአንዱ ካሬ ዋጋ 1,450 ብር ነበር። ሻጩ ካልኩሌተሩን መታ መታ አደረገና ማሳያውን ወደ እኔ አዞረው፤ 40,600 ይላል። ገንዘቡን በስልክ ለማስተላለፍ ቁጥሩን መጻፍ እንደ ጀመርኩ አንድ ነገር ከነከነኝ። 20 ካሬ ብንገዛ እንኳ 29,000 ብር ነው፤ 18 ካሬ እንዴት ከዚያ ሊበልጥ ይችላል? ሻጩ እንደገና ሲያሰላው 26,100 ብር መጣ። ለካ በ18 ፈንታ 28 ብሎ ኖሯል። ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሊያታልለኝ አስቦ እንዳልነበረ ሁኔታው ይመሰክራል። እኔ ግን 14,500 ብር አብልጬ ልከፍል አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሜሮን «ካልኩሌተሩ ተበላሽቶ ነው?» አለችኝ። አልተበላሸም፣ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ የተጠየቀው ግን የእኛን ጥያቄ አልነበረም። እኔ አሁን እያሰብኩ ያለሁት የቃል ሒሳብ ዋነኛ ጥቅም ይኸው ይሆን ወይ ብዬ ነው፤ ማለትም ከመሣሪያው ጋር ለመፎካከር ሳይሆን መሣሪያው የሰጠን መልስ ሊሆን የሚችልና የማይችል መሆኑን ለመለየት። ወይስ በአንድ ቀን ገጠመኝ ላይ ተነሥቼ ትልቅ ድምዳሜ እያበጀሁ ነው? በተለይ መምህራን ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ኮድ ጸሐፊው (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ገጠመኝህን በአክብሮት አነበብኩት፤ ገንዘብህ በመትረፉም ደስ ብሎኛል። ሆኖም ከዚያ ወደ ሰንጠረዥ ሽምደዳ የሚያደርሰው መንገድ አይታየኝም። የደረሰው ስሕተት የካሬውን ብዛትና የነጠላውን ዋጋ ጎን ለጎን የሚያሳይ ደረሰኝ ቢኖር ኖሮ በዓይን ብቻ የሚታይ ነበር። መፍትሔው የተሻለ የሽያጭ ሥርዓት መዘርጋት እንጂ ሚሊዮን ሕፃናት ለዓመታት ቁጥር እንዲያዜሙ ማድረግ አይመስለኝም።

ይህን የምለው በግድ የለሽነት አይደለም። እኛ በተማርንበት ክፍል በየተራ እየተነሣን «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ስንባል ያልመለሰ እጁን ዘርግቶ በአለንጋ ይመታ ነበር። እኔ መልሱን ባውቀውም አለንጋውን ሳይ ይጠፋብኝ ነበር። በዚህ ምክንያት እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ለሒሳብ የሚሆን ጭንቅላት የለኝም ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬ የድርጅቶችን የደመወዝ ሥርዓት በፕሮግራም እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። በሥራዬ ውስጥ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። በየቀኑ የምጠየቀው የትኛው ቁጥር በየትኛው መባዛት እንዳለበት፣ የጡረታው መዋጮ ከየትኛው ደመወዝ ላይ እንደሚታሰብ፣ ግብሩ ከምን በኋላ እንደሚቀነስ ነው። የኪስ ካልኩሌተር በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገበያ ላይ ሲውል የሎጋሪዝም ሰንጠረዥና የስሌት ማስመሪያ ከመሐንዲሶች ጠረጴዛ ላይ ተነሡ፤ ድልድዮች ግን ከዚያ በኋላም ቆመዋል። የትምህርት ሰዓት ውሱን ስለሆነ ልጆቻችን ጥያቄን ማዋቀር እንዲማሩበት ብናውለው እመርጣለሁ።

መምህርት (ደብረ ብርሃን)

ኮድ ጸሐፊው ሆይ፣ በአለንጋው ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ፍጹም እስማማለሁ። እኔም በዚያው መንገድ ነው የተማርኩት፤ ዛሬ በማስተምርበት ክፍል ግን በሒሳብ ስሕተት ምክንያት የተመታም የተዋረደም ልጅ የለም። ይሁን እንጂ የማስተማሪያው መንገድ ክፉ ስለነበር ትምህርቱ ራሱ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም።

«ጥያቄን ማዋቀር» ያሉት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ግን በየቀኑ የማየው የቃል ሒሳብ የሌለው ልጅ ጥያቄውን ማዋቀር ሲያቅተው ነው። አምስት ስድስተኛንና ሦስት ስምንተኛን ደምሩ ብዬ ስሰጥ ስድስትና ስምንት ሁለቱም 24 ላይ እንደሚገናኙ ወዲያው የሚታየው ልጅ አለ፤ የማይታየውም አለ። ሁለተኛው ልጅ ካልኩሌተር ብሰጠው ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ከፍ ሲል ደግሞ x² + 15x + 56 የሚለውን በብዜት መልክ ጻፉ እላለሁ። ድምራቸው 15፣ ብዜታቸው 56 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮችን መፈለግ ማለት ነው። ሰባት ጊዜ ስምንት 56 መሆኑ በውስጡ ያለ ልጅ ቁጥሮቹ ራሳቸው ብቅ ይሉለታል፤ ሌላው ግን ቁልፍ የሚጫንለት ነገር እንኳ አያገኝም፣ ምክንያቱም ጥያቄው ራሱ የሚጀምረው ከሚያውቀው ቁጥር ነው።

ሌላም አለ። አንድ ልጅ ባለ አራት ደረጃ ጥያቄ ሲሠራ በየደረጃው ስድስት ጊዜ አራትን ለማግኘት ከቆመ፣ ሲመለስ የት እንደነበረ ይጠፋበታል። ይህን በዓይኔ አያለሁ፤ እርሳሱን አንሥቶ ወደ ላይ እያየ በጣቱ ይቆጥራል፣ 24 ይደርሳል፣ ከዚያም «24ን ለምን ነበር የፈለግሁት?» ይለኛል። ሐሳብ እንደ ጥጥ ፈትል ነው፤ በየመሐሉ ሲበጠስ ድውሩ አይሞላም።

በክፍሌ ሰንጠረዡን እንደ ውዳሴ አናነበንበውም። ሰባት ጊዜ ስምንት የጠፋበትን ልጅ «አምስት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» እለዋለሁ። አርባ ይለኛል። «ሁለት ጊዜ ስምንትስ?» አሥራ ስድስት። «ታዲያ ሁለቱን አገናኛቸው» ስለው 56 ላይ በራሱ እግር ይደርሳል። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ መንገዱን ትቶ በቀጥታ መልሱን ይናገራል። በቃል መያዝ የሚመጣው እንዲህ ከመረዳት በኋላ ሲሆን አይጠፋም፤ ቢጠፋም የሚመለስበትን መንገድ ልጁ ያውቀዋል።

ባለ ሱቅ (ሐዋሳ)

እኔ አስተያየቴ አጭር ነው። ሱቅ ውስጥ 21 ዓመት ቆይቻለሁ። ደንበኛ የ137 ብር ዕቃ ገዝቶ 200 ብር ሲሰጠኝ መቀነስ የሚባል ነገር አልሠራም፤ ከ137 ተነሥቼ ሦስት ብር አስቀምጥና 140 እላለሁ፣ ስድሳ ብር ጨምሬ 200 እላለሁ፣ መልሱ በደንበኛው እጅ ላይ ተቆጥሮ ያልቃል። ደንበኛውም አብሮኝ ስለሚቆጥር ጭቅጭቅ የለም።

አሁን ብዙው ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ይከፍላል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን 650 ሊልክ ብሎ 6,500 የላከልኝ ደንበኛ ገጥሞኛል፤ ጠርቼ መለስኩለት። 65 ልኮ «650 ልኬያለሁ» ብሎ የሚሄድም አለ። መልእክቱ ሲመጣ ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ስንት መሆን እንዳለበት በጭንቅላቴ ካልያዝኩ፣ ስልኩ የነገረኝን ሁሉ ተቀብዬ እቀራለሁ። ሠራተኛ ስቀጥርም አስቀድሜ የማየው ይህን ነው።

ነርስ (ጅማ)

እኔ ከሕክምናው በኩል ልናገር። በጠብታ የሚሰጥ ፈሳሽ በሽተኛው ላይ ስናንጠለጥል ሐኪሙ የሚያዝዘው «1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት» ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ይህን ወደ ጠብታ መለወጥ አለብን። በምንጠቀምበት መስመር አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፣ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ያ 2,500 ጠብታ ይሆናል፤ ለ60 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ገደማ። ከዚያ በግራ እጄ የእጅ ሰዓቴን ይዤ፣ በቀኝ እጄ መቆጣጠሪያውን ቀስ እያልኩ እያጠበቅሁና እያላላሁ፣ በሩብ ደቂቃ ውስጥ አሥር ወይም አሥራ አንድ ጠብታ እስኪወርድ ድረስ እቆጥራለሁ። ይህን ለመሥራት ስልክ ማውጣት እችላለሁ፤ ነገር ግን ጓንት አድርጌያለሁ፣ ሌላው በሽተኛ ይጠራኛል፣ የሕፃኑ እናት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

ስልክ በእጃችን ባለበት ጊዜም ቢሆን አደጋው ከነጥቧ ላይ ነው። አንድ ሌሊት አብሮኝ ተረኛ የነበረ ወጣት ባልደረባዬ 12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን የትኩሳት ሲረፕ ያሰላ ነበር። መጠኑ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ስለሆነ 180 ሚሊ ግራም ይመጣል፤ ሲረፑ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ነበር። በስልኩ አስልቶ «75 ሚሊ ሊትር» ብሎ ጻፈ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ነጥቧን ስቷት ነው። ወረቀቱን አየሁና ጠርሙሱን አነሣሁለት። «ይህ ጠርሙስ በሙሉ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሦስት አራተኛውን ለአንድ ሕፃን በአንድ ጊዜ ልታጠጣው ነው?» አልኩት። ጠርሙሱን ሲያይ ነው የገባው። አምስቱ ሚሊ ሊትር 120 ከያዘ፣ 180 ማለት የእሱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ስለዚህ 7.5። ይህች አንዲት የቃል ስሌት አሥር ሰከንድ አትፈጅም።

በዚያ ሌሊት ምንም ጉዳት አልደረሰም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለተለማማጆች ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መልሱን ከመጫንህ በፊት በግምት ተናገረው። ማንኪያ ነው ወይስ ብርጭቆ?

ኮድ ጸሐፊው

እኅቴ ነርስ፣ ታሪክሽ አሳስቦኛል፤ መምህርት ስለ 56 የጻፉትም ያላሰብኩት ነበር። አንድ ነገር ግን ልለይ። እናንተ የምትሉት ግምት ነው፤ ትክክለኛ ስሌት አይደለም። የሜሮን አባት 18 ጊዜ 1,450ን በቃሉ አላሰላም፤ «ከ29,000 አይበልጥም» ብቻ ነው ያለው። እንዲያ ከሆነ ትምህርት ቤቶች ለግምት የሚሆን ሰዓት ይመድቡ እንጂ እስከ 12 ድረስ ያለውን ሰንጠረዥ አንድ በአንድ ማስያዝ ለምን ያስፈልጋል?

ሌላ ፕሮግራመር (ናይሮቢ)

እኔም በዚሁ ሙያ ላይ ስለሆንኩ ለኮድ ጸሐፊው አንድ የማይረሳኝን ነገር ላስታውስ። በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤክሴል 2007 በተባለው የሒሳብ ሰሌዳ ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ተገኝቶ ነበር፤ 850ን በ77.1 ሲያባዙት ትክክለኛው መልስ 65,535 ሆኖ ሳለ ሰሌዳው ላይ የሚታየው 100,000 ነበር። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ቁጥር ትክክል ነው፣ የተሳሳተው አወጣጡ ነው፤ ማይክሮሶፍትም ብዙ ሳይቆይ አርሞታል። ግን እስኪታረም ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነበር። አሁን 850ን በ100 አባዛው፤ 85,000 ነው። በ77 ሲባዛ ወደ 100,000 ሊደርስ አይችልም። ከሴራሚኩ ጋር አንድ ዓይነት አስተሳሰብ መሆኑን ልብ በል።

ለጥያቄህ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ግምት ባዶ ሜዳ ላይ አይቆምም። የሜሮን አባት 18ን ወደ 20 አስጠግቶ 29,000 ላይ የደረሰው 2 ጊዜ 1,450 ስንት እንደሆነ ሳያስብ ስለሚያውቀው ነው። ያ ዕውቀት ባይኖረው ምንም አይከነክነውም ነበር። ነርሷም 180 የ120 አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑን ያየችው ቁጥሮቹ ለዓይኗ የተለመዱ ስለሆኑ ነው። ግምት የተባለው ነገር ሥሩ ያ ሰንጠረዥ ነው።

የአብነት ተማሪ የነበረ (ባሕር ዳር)

ውይይቱ ወደ ማረጋገጥ ስላመራ፣ እኔ ከአብነት ትምህርት ቤት የማውቀውን ላቅርብ። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የተማርኩት በልጅነቴ ነው። መሪጌታችን ስሌቱን ሁሉ በቃል እያሉ በጣታቸው አንጓ ይይዙ ነበር እንጂ ብራና ላይ አይደረድሩትም። የግእዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው 132ን ፻፴፪ ብለን ብንጽፈውም፣ በዘመናዊው ትምህርት እንደምናደርገው አንዱን ቁጥር ከሌላው በታች አሰልፎ ለማባዛት አይመችም። ጽሑፉ ውጤቱን ለመያዝ ነው፤ ሥራው የሚሠራው በአእምሮ ነው።

የ2018 ዓ.ም. በዓላትን እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለፉ ተብለው በሚቆጠሩት 5,500 ዓመታት ላይ 2,018 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7,518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ይኸው 7,518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ (30 እየተነሣለት ሲሄድ) 12 ይተርፋል፤ አበቅቴ ነው። ወንበሩ እንደገና በ19 ሲባዛ 228 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ነው። 12 ጊዜ 19ን እንዴት በቃል ያገኙታል ብትሉ፣ 12 ጊዜ 20 ብለው 240 ላይ ይደርሱና 12ን ያነሣሉ።

መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ የሚውለው በመስከረም ነው፤ መስከረም 18 ደግሞ እሑድ ነበረ። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18ና 7 ሲደመር 25 ይሆናል፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ይገባል። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ስለሆነ 25 ላይ ሲጨመር 34 ይመጣል፤ 30ው ሲገደፍ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል።

ዛሬ ይህን ሁሉ ማንኛውም የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ያሳየናል፤ እኔም ስልኬ ላይ አለ። ነገር ግን ሊቃውንቱ በስሌቱ ውስጥ ያስቀመጡትን አንድ ነገር መተግበሪያው አይነግረንም። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። ከላይ ያለውን ተመልከቱ፤ 12ና 18። ምክንያቱም የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ሲሆን ልዩነታቸው 11 ነው፤ 11 ለ30 ሲሟላ 19 ይጎድለዋል። ስለዚህ ወንበሩን በ11ም በ19ም ስናባዛው፣ ሁለቱ ተደምረው ወንበሩን በ30 እንዳባዛነው ነው፤ ሲገደፍ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ተማሪው ድምሩ 30 ካልመጣለት ከሁለቱ ባንዱ እንደተሳሳተ ወዲያው ያውቃል። መሪጌታ ሳይነግሩት፣ መጽሐፍ ሳይገልጥ። እኔ ስሳሳት ያረመኝ ይህ 30 ነበር፤ አሁንም ድረስ የማንኛውንም ደረሰኝ ድምር ሳይ «የዚህስ ሠላሳው የት ነው?» ብዬ የምጠይቀው ከዚያ የቀረልኝ ልማድ ስለሆነ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ቨርጂኒያ)

የአብነት ተማሪ የነበሩት ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የአበቅቴንና የመጥቅዕን ምሥጢር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ዛሬ ገና ነው የገባኝ።

እኔ የምጨምረው ስለ ቋንቋችን ነው። ልጆቼ የተወለዱት እዚህ ሲሆን ትምህርት ቤት የሚቆጥሩት በእንግሊዝኛ ነው። ቤት ውስጥ ግን በአማርኛ እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ቋንቋውን እንዳይረሱ ብቻ ነበር። የስድስት ዓመቱ ልጄ ስምንትና ስድስትን ሲደምር ያየሁት ነገር ሐሳቤን ለወጠው። «ስምንት፣ ሁለት ልጨምርበት፣ አሥር፤ አራት ቀረኝ፤ አሥራ… አራት» አለ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ስንል ቃሉ ራሱ አሥርና አንድ፣ አሥርና ሁለት እያለ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ኢለቭንና ትዌልቭ ሲባል ልጁ አሥሩ የት እንዳለ አይሰማውም። ሠላሳን ከሦስት፣ አርባን ከአራት፣ ስድሳን ከስድስት ጋር እንዲያስተያዩ አድርጉና ዘመድ መሆናቸውን ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል።

ሌላው የቤታችን ልምምድ የዘመን አቆጣጠር ነው። አያታቸው ደውለው «በ1948 ነው የተወለድኩት» ሲሏቸው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ ስምንት ጨምረው ወደዚህ አገር አቆጣጠር ይመልሱታል። የሰዓቱንም ስድስት ሰዓት እንዲሁ። ገበጣም አስገዝቼ አስመጥቻለሁ፤ ጠጠሮቹን ሳይነኩ በዓይን ብቻ ቆጥሮ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ያወቀ ያሸንፋል። ይህን ሁሉ ስናደርግ ማንም «ሒሳብ እያጠናን ነው» ብሎ አያውቅም።

የትምህርት ባለሙያ (ጎንደር)

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ጥናት ስላለ ላንሣው። በ1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ሲሆን የተካሄደው በብራዚል፣ ሬሲፌ ከተማ ነው። ተመራማሪዎቹ በጎዳና ላይ የሚሸጡ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሚሆናቸው አምስት ልጆችን መጀመሪያ እንደ ገዢ ሆነው በሥራ ቦታቸው ጠየቋቸው። ልጆቹ ከቀረበላቸው ውስጥ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። በኋላ እነዚያኑ ቁጥሮች በትምህርት ቤት ቋንቋ ሲያቀርቡላቸው ግን ታሪክ ባለው ጥያቄ ወደ 74 በመቶ፣ ባዶ ቁጥር ብቻ በተጻፈበት ደግሞ ወደ 37 በመቶ ወረደ። አንዱ የ12 ዓመት ልጅ የአንዱ ኮኮናት ዋጋ 35 ሆኖ የ10ሩን ሲጠየቅ፣ ሦስቱ 105፣ ሌላ ሦስት ሲጨመር 210፣ እያለ ሄዶ 350 ላይ ደረሰ። መጨረሻ ላይ ዜሮ መጨመር እንደሚቻል ትምህርት ቤት ያስተማረውን አልተጠቀመበትም።

ተሳታፊዎቹ አምስት ልጆች ብቻ ስለሆኑ ለሁሉም አገር የሚሆን ሕግ አናወጣበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የእኛም ትምህርት ቤቶች በር ላይ ሎሚና ማስቲካ የሚሸጡ፣ መልስ በቅጽበት የሚሰጡ ልጆች መኖራቸው ነው፤ እነዚሁ ልጆች ክፍል ሲገቡ «በሒሳብ ደካማ» ተብለው ይመዘገባሉ። ኮድ ጸሐፊው «ጭንቅላት የለኝም ብዬ አምን ነበር» ያሉትን ሳነብ እነዚህ ልጆች ናቸው የታወሱኝ። የቃል ሒሳብን ማስተማር ማለት ለእኔ ከምንም በፊት ልጁ ከቤቱና ከገበያው ይዞት የመጣውን ስሌት መምህሩ ጠይቆ መስማት ነው። «እንዴት አገኘኸው?» የምትለዋ ጥያቄ በክፍሎቻችን እምብዛም አትሰማም።

ኮድ ጸሐፊው

«እንዴት አገኘኸው?» ብሎ የጠየቀኝ መምህር አልነበረኝም። ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ አቋም ይኖረኝ እንደነበር አምናለሁ። የጊዜ ክፍፍሉ አሁንም ያሳስበኛል፤ አርባ ደቂቃው በሙሉ ለድግግሞሽ እንዲውል አልፈልግም። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ በምጽፋቸው የደመወዝ ፕሮግራሞች ውስጥ እንደ አበቅቴና መጥቅዕ ያለ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ የታወቀ ቁጥር የሚመጣ ማረጋገጫ ለሒሳብ ሠራተኛዋ በግልጽ እንዲታያት አደርጋለሁ። የተጣራው ደመወዝና ተቀናሹ ተደምሮ ጠቅላላውን መስጠት አለበት፤ እሷም በዓይኗ ልትፈትሸው ይገባል።

የሜሮን አባት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነርሷን ምክር ወስጄ ከልጄ ጋር ሞክረነዋል። ትናንት ማታ የገዛሁበትን ደረሰኝ ድምሩ እንዳይታይ አጥፌ ሰጠኋት፤ ከታክስ በፊት 2,480 ብር ይላል። 15 በመቶውን ታክስ ስንት ይመስልሻል አልኳት። አሥር በመቶው 248 መሆኑን ነጥብ በማንቀሳቀስ አሳየኋት፤ አምስት በመቶው የእሱ ግማሽ እንደሆነ ግን ሳልነግራት ራሷ ደረሰችበት። 124 አለች፣ ትንሽ ዝም አለችና «ሁለቱ አንድ ላይ 372፤ ሁሉም ከ2,800 ትንሽ ይበልጣል» አለችኝ። ወረቀቱን ስንዘረጋው 2,852 ነበር። ከዚያ ሌላ ደረሰኝ ካለ ብላ ኪሴን ፈተሸች።

መምህርት፣ አንድ ጥያቄ ልጨምርብዎ። ሰንጠረዡን ከየት ልጀምርላት? በተራ ከሁለት ወደ አሥራ ሁለት ስንሄድ ሰባት ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ትሰለቻለች።

መምህርት

በተራ አይሂዱ። ሁለትን፣ አሥርንና አምስትን ያስቀድሙ፤ እነዚህን አብዛኛውን ታውቃቸዋለች። ከዚያ የሁለትን እጥፍ አድርጋ አራትን፣ የአራትን እጥፍ አድርጋ ስምንትን ታግኝ። ዘጠኝን ከአሥር አንዱን በማንሣት ታገኘዋለች፤ ዘጠኝ ጊዜ ስድስት ማለት ስድሳ ሲቀነስ ስድስት ነው። ሦስትን ካወቀች ስድስት እጥፉ ነው። ሦስት ጊዜ ሰባት ያለች ልጅ ሰባት ጊዜ ሦስትን አብራ ስለያዘች፣ ይህን ሁሉ ጨርሳ ወደ ሰባት ስትመጣ እስከ አሥር ካለው ውስጥ ያላየችው አንድ ብቻ ነው የሚቀራት፤ ሰባት ጊዜ ሰባት። እሱንም አምስት ጊዜ ሰባት 35፣ ሁለት ጊዜ ሰባት 14 ብላ ትድረስበት፤ ቸኩለው 49 እንዳይሏት።